እስከ ፋሲካ ቆዪ

የሺ ማረፏን የሰማሁት ፓኪ በሚባል የጄኔቭ ሰፈር፣ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ከጡረታ ወዲህ በወር አንዴ ከምኖርበት ሰፈር ከለዛቫንሼ አውቶቡስ ይዤ ከኮርናቫን ባቡር ጣቢያ ጀርባ እወርድና የቀረችኝን ፀጉር እቆረጣለሁ። አስተካካዩ ግራውን ጨርሶ ወደ ቀኝ ሊዞር ሲል ስልኬ ጮኸ። አቶ ሙላቱ ናቸው፤ ጄኔቭ ላለነው ሐበሾች የሽማግሌዎች ሁሉ ሽማግሌ።

«የት ነህ ተክሌ?»

«ፀጉር ቤት።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ተቀምጦ ያለ ሰው ተቀመጥ ከተባለ፣ ወሬው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻውም። የሺመቤት ዛሬ ጠዋት ሆስፒታል አረፈች አሉኝ። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ላይ አንዲት ሕፃን አፍጥጣ ስታየኝ ነው ቀኝ ጭንቅላቴ ሳይቆረጥ መውጣቴ ትዝ ያለኝ። ለቅሶውንም እንደዚያው፣ ኮፍያ ደፍቼ ደረስኩ።

አቶ ሙላቱ የሕይወት ታሪኳን እኔ እንድጽፍና እንዳነብ ወሰኑ። ጎረቤቷ ነህ፣ ከኛ ሁሉ አንተ ትቀርባታለህ አሉኝ። «ባለቤቷ አቶ ደምሴ ብለህ መጻፍ አትርሳ» ሲሉኝ፣ «ኧረ ተፋተዋል!» አልኳቸው። «እሱ የፈረንጅ ወረቀት ነው። ሬሳ ፊት ፍቺ አይነሳም» አሉ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ ሆነ። ሐይቅ ከተማ ተወለደች፣ ጄኔቭ ገባች፣ በሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት በታማኝነት አገለገለች፣ በሰው ሁሉ ዘንድ የተወደደች ነበረች። ከባለቤቷ በቀር ውሸት የለበትም። ሳነብ ግን መስመር እየሳትኩ ደጋገምኩ፤ ሰው ሐዘን ነው ብሎ ደግፎ ያዘኝ። ሐዘንም ነበር፤ ግን ደግሞ ፈርቼ ነበር። ያነበብኩት ግማሹን ነውና። ሌላው ግማሽ ይኸውና።

የሺ ከኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ ትኖር ነበር። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ስትሄድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነበረች። እጇ ሥራ አይፈታም። ቤታችን መጥታ ስትቀመጥ፣ እያወራች፣ ሳታየው፣ በአጠገቧ ያገኘችውን ጨርቅ ሁሉ አንስታ ታጥፋለች፤ የጠረጴዛ ልብሱን፣ የወጥ ቤቱን ፎጣ፣ የኔን ሹራብ። ጫፉን ከጫፍ፣ ጠርዙን ከጠርዝ ትገጥምና በመዳፏ አንዴ ዳበስ አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ባለቤቴ «የሺ ስትመጣ ቁም ሣጥኑን ከፍቶ መጠበቅ ነው» ትል ነበር። አንሶላ ትንሽ እርጥበት ሳይለቀው ካልታጠፈ ጭምድዱ አይለቅም፤ ከዚህ የተነሳ ነው መሰለኝ «ጨርቅና ነገር ሳይደርቅ ነው የሚታጠፈው» የሚል የራሷ ተረት ነበራት። ለሌላው ሰው ትተርተዋለች። ለራሷ የተጠቀመችበት ግን ለጨርቁ ብቻ ነው።

ፈረንሳይኛዋን የተማረችው ነርሶች በሽተኛ ሲያነጋግሩ ሰምታ ስለሆነ ለማንም «ቩ» ነው፤ ሁሉንም በአንቱታ ነው የምታናግረው። ለአለቃዋ አንቱ፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ልጆች አንቱ፣ ለጎረቤታችን ውሻ አንቱ። ውሻው አሳንሰር ውስጥ ሲያሸታት «ይቅርታ ሙሴ፣ እባክዎ ወዲያ ይበሉ» ትለዋለች፤ እሱም ወዲያ ይል ነበር። አንድ ቀን ለውሻ እንኳ አንተ በይ እንጂ ብዬ ሳቅኩባት። «ጋሽ ተክሌ፣ አክብሮት አይከፈልበት። ምን አጎደለብኝ?» አለችኝ።

አንድ ምኞት ነበራት። ሐይቅ፣ ከእህቷ ከዘነበች ግቢ አጠገብ፣ ሦስት ክፍል ቤት። መሠረቱን አስወጥታለች። የቀረውን እዚህ አገር ከደመወዝ እየተቆረጠ በሚጠራቀመው የጡረታ ገንዘብ ልትጨርሰው ነው። እኛ ጄኔቮች «ደዝየም ፒልዬ» እንለዋለን፣ የዙሪክ ልጆች ደግሞ «ፔንስዮንስካሳ» ይሉታል። አገሩን ጨርሶ ለቆ የሚሄድ ሰው ያን ገንዘብ ተቀብሎ መሄድ ይችላል። የሺ ይህን ካወቀች ወዲህ ሌላ ጨዋታ የላትም።

አንድ እሑድ እቤቷ ጠርታን ሶፋውን ወደ በረንዳ አስወጣችና፣ የቤቱን ልክ ላሳያችሁ ብላ በእርምጃዋ ትለካ ጀመር። ግድግዳ ሲያጥራት እኛን አቆመችን። «ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎ እዚህ ይቁሙ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ነዎት፤ እንዳይንቀሳቀሱ። ደምሴ፣ አንተ በር ነህ፤ ሰው ሲገባ ዞር በል።» ባሏ ደምሴ እየሳቀ ዞር ይላል። ባለቤቴን መስኮት አደረገቻትና ፊት ለፊቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እዚህ ጋ ቁጭ ብዬ ውሃውን አያለሁ። የማንንም አንሶላ አላጥፍም» አለች። «ውሃ እዚህስ መች አጣሽ?» አልኳት፤ የጄኔቭ ሐይቅ በአውቶቡስ ሩብ ሰዓት አይሞላም። «ይሄ የነሱ ነው» አለችኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ሆኜ ቆምኩ። ወገቤ ቢያመኝም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደምሴ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ስለነበር ነው። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ሥራ ግን የማይበረክትለት ሰው። ዕቃ ያጥብበት የነበረው ምግብ ቤት ሲዘጋ፣ አንድ ጓደኛው ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን የሚባል ከተማ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ በኤጀንሲ የቀን ሥራ አገኘለት። መጀመሪያ በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። ከዚያ በየወሩ፣ ከዚያ ለዓመት በዓል፣ ከዚያ ሥራ በዛ። ተጣልተው እንኳ አያውቁም። ተጣልተው ቢሆን እናስታርቃቸው ነበር፤ ዝም ብሎ የራቀን ሰው በምን ይዘህ ታስታርቃለህ?

ደምሴ በሄደ በሁለት ዓመቱ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የሺ ከሥራ ስትመለስ በሬን አንኳኳች። ከኮሙን፣ ከሰፈራችን ማዘጋጃ ቤት፣ ያመጣችው በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሽ ተክሌ፣ የኮሙኗ ሠራተኛ ሞልታልኛለች። ሁለት ዓመት ተለያይቶ የቆየ ሰው ብቻውን ፍቺ መጠየቅ ይችላል አለችኝ። ፈርሜያለሁ። ለትሪቡናል ከማስገባቴ በፊት ቢያዩልኝ ብዬ ነው።»

አየሁት። ትክክል ነው። አንድ ፊደል የጎደለው የለም። አስገቢው ማለት፣ ወይም ዝም ብሎ መመለስ ነበረብኝ። ግን እኔ ሽማግሌ ነኛ! ፍቺ የሚል ቃል ሲሰማ ዝም የሚል ምኑን ሽማግሌ ሆነ? «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳሉ» ብዬ ጀመርኩላት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አልኳት። በጾም ፍርድ ቤት አይኬድም አልኳት፤ የት እንደተጻፈ እንጃ። በመጨረሻም «እስከ ፋሲካ ቆዪ። ሽማግሌ ሄዶ ያናግረዋል» አልኳት።

ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በሁለት እጇ አቀበለችኝ። «እሺ። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለች።

ከአሮጌ የመብራት ደረሰኞችና ካለቁ የሪሞት ባትሪዎች ጋር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ለባለቤቴም «ዛሬ አንድ ትዳር አዳንኩ» ብዬ ነገርኳት። ጽድቅ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወደ ዲቲኮን የሄድነው አቶ ሙላቱ፣ ንስሐ አባቷና እኔ ነን። ባቡሩ እስከ ዙሪክ ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ በሌላ ባቡር ሩብ ሰዓት። መቼም ሽማግሌ የመጣበት ሳይፈጸምለት አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም፤ ደንቡ ነው። የደምሴ ሳሎን ከመጥበቧ የተነሳ ሦስታችን ከቆምንባት እሱ የሚቆምበት አልነበረውም። «በናታችሁ ቁጭ በሉ!» ይላል፤ አቶ ሙላቱ «ቃልህን ሳንሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የአቶ ሙላቱ ጉልበት ሪህ አለበት፤ የቆረጥነው የቀን ትኬት ነው፤ የመመለሻው ባቡር ሰዓት ደርሷል። ደምሴ መሬት መሬት እያየ «እመለሳለሁ እኮ። ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጡኝ» አለ። ተቀመጥን፣ በላን፣ መረቅነው፣ ተመለስን።

ፋሲካ አለፈ። «እስከ ፍልሰታ» አልናት። ከዚያ እስከ እንቁጣጣሽ፣ ከዚያ እስከ ገና፣ ከዚያ እንደገና እስከ ፋሲካ። ይህ አምስት ዓመት ነው፤ ስጽፈው እንጂ ያኔ እንዲህ ረጅም አልመሰለኝም። በየዓመቱ ሄደን እንቆማለን፤ እሱ «ትንሽ ጊዜ» ይላል፤ እኛም ያችን «ትንሽ ጊዜ» ተሸክመን በባቡር እናመጣላታለን። እሷ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ አንድ ነገር እያጠፈች ትሰማናለች። «እሺ፤ እናንተ ካላችሁ» ትላለች። አንድም ቀን በሽማግሌ ቃል ላይ ቃል አልጨመረችም። ያንን እኛ ጨዋነት ብለን ስናወድስላት ነበር የኖርነው።

በአምስተኛው ዓመት የደምሴ በር ላይ ጫማችንን ስናወልቅ፣ ከኛ ጫማ አጠገብ አንዲት ትንሽዬ ቀይ የሕፃን ቡትስ አየሁ። ሦስታችንም አየናት። ቆመን ጠየቅነው፤ ትንሽ ጊዜ አለን፤ ተመለስን። ባቡር ውስጥ አቶ ሙላቱ «ለሷ አይነገርም። በሽማግሌ አፍ እንዲህ ያለ ወሬ አይወጣም» አሉ። ማታ የሺ «እንዴት ሆነ?» ስትለኝ፣ «እያሰበበት ነው» አልኳት። ዓይኔን አላየችም፤ ፎጣ እያጠፈች ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ለማንም ሳትናገር እሷው ራሷ ሄደች። ደምሴ ትቶት የሄደውን ወፍራም ካፖርት አጥፋ፣ በከረጢት ይዛለት። በሩን የከፈተችው ልጅ የታቀፈች ሴት ናት። የሺ ካፖርቱን ሰጠቻት፣ ውሃ ጠይቃ ጠጣች፣ የልጁን ራስ ዳበሰችና በመጣችበት ባቡር ተመለሰች። ይህን ሁሉ የነገረችኝ የዚያኑ ዕለት በሬ ላይ ቆማ ነው። ግቢ ብላት አልገባም አለች።

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል ልጁ። ቁርጥ ደምሴን ነው» አለች። ቀጥላም «ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

«ጫማውን አይቼ ነበር» አልኩ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። «ወረቀቴን ይስጡኝ» አለች።

ከመሳቢያው አወጣሁት። ግን ሰኞ ዕለት የኮሙኗ ሠራተኛ ስታየው አምስት ዓመት የቆየ ወረቀት አይሆንም፣ አዲስ ይሞላል አለች። ጠበቃም ቆመላት። አሮጌው ወደ መሳቢያዬ ተመለሰ።

ጠበቃዋ ጋ አስተርጓሚ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሆቴል ሾፌር ሆኜ ስኖር ፈረንሳይኛ ተምሬያለሁ። ጠበቃዋ ወጣት ናት፣ ቀስ ብላ ትናገራለች። ቤት የላችሁም፣ ልጅ የላችሁም፣ ስለዚህ የሚካፈለው የጡረታው ገንዘብ ብቻ ነው አለች። ተረጎምኩ። እሱ የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ያጠራቀመው የለም ለማለት ይቻላል፤ ያንቺ ግን ብዙ ነው አለች። ተረጎምኩ፤ የሺም ፈገግ አለች፤ በሥራዋ ትኮራ ነበር። ከዚያ ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀምጣ አንድ አረፍተ ነገር ተናገረች። ያንን አልተረጎምኩም።

«ምን አለች?» አለችኝ የሺ።

«ከተጋባችሁበት ቀን ጀምሮ የፍቺው ወረቀት ትሪቡናል እስከ ገባበት ቀን ድረስ የተጠራቀመው ለሁለት ይካፈላል ነው የምትለው።»

«እሱ እስከ ሄደበት ቀን ድረስ ማለትዋ ነው?»

ጠየቅኩላት። ጠበቃዋ ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም» አልኳት። «ወረቀቱ እስከ ገባበት ቀን።»

የሺ ዞር ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ሒሳብ ላይ የተሳሳተ ሰው፣ የት ጋ እንደተሳሳተ ሲገባው እንደሚያየው ነው ያየችኝ። ጠበቃዋ ምን እንደተፈጠረ ስላልገባት ሁለታችንንም በየተራ ታያለች። ያንን አረፍተ ነገር በአማርኛ የተናገረው የኔ አፍ ነው። ያንን ወረቀት አምስት ዓመት የዘጋበትም የኔ መሳቢያ ነው። ምን ልበላት?

ስንወጣ ትራም ማቆሚያው ላይ «ጣሪያው፣ በሩና መስኮቱ ነበር እነዚያ አምስት ዓመታት» አለች። ለራሷ ነው የምትናገረው፣ እኔን ልትወቅስ አይደለም። እንዲያውም ቀዝቃዛ ነው ብላ የአንገቴን ልብስ አስተካከለችልኝ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኛ ሽማግሌዎች ያን ጊዜ ነቃን። ወደ ዲቲኮን ሄደን እንደገና ቆምን። አሁን ግን ተመለስ አላልነውም፤ የሷን ገንዘብ ተው አልነው። ደምሴ አለቀሰ። «የሷን ላብ እበላለሁ እንዴ? እኔ ምንም አልፈልግም!» አለ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ በአማርኛ ጻፈ፤ ሦስታችንም ምስክር ሆነን ፈረምን። ትንሹ ልጅ እግሬን ይዞ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። ስንመለስ አቶ ሙላቱ ባቡር ውስጥ ሳንድዊች ገዝተው ጋበዙን። «አያችሁ? ሽማግሌ ከገባበት የማይፈታ የለም» አሉ። የሺም ስንነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። በዚያ ሳምንት ለእህቷ ደውላ የበሩን ዋጋ እንድትጠይቅ አድርጋ ነበር።

ዳኛዋ በዕድሜ የኛ እኩያ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ተተርጉሞ የቀረበላትን የደምሴን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ደምሴን ጠየቀችው፤ እኔ ከኋላ ተቀምጬ አዳምጣለሁ፣ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ይተረጉማል።

«ሲያረጁ በምን ይኖራሉ?»

«እግዚአብሔር ያውቃል» አለ ደምሴ።

«ሌላ የጡረታ ገንዘብ አለዎት?»

«የለኝም። ግን የሷን አልፈልግም።»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው አለች፦ ሰው ድርሻውን መተው የሚችለው ለእርጅናው የሚበቃው ሌላ ነገር ሲኖረው ነው። እርስዎ የለዎትም። ስለዚህ እርስዎ ቢተዉ እንኳ እኔ ልቀበልዎት አልችልም። ደምሴ «እኔው አልፈልግም እያልኩ!» ብሎ ጮኸ። አቶ ሙላቱ ከኋላ ተነስተው በአማርኛ «ክብርት ሆይ፣ ሽማግሌ የጨረሰው ጉዳይ ነው» አሉ፤ ተቀመጡ ተባሉ። ገንዘቡ ደግሞ በእጁ የሚሰጠው አይደለም፤ በስሙ ተዘግቶ ዕድሜው ለጡረታ እስኪቃረብ ይቀመጣል። ስለዚህ ወስዶ ሊመልስላት እንኳ አይችልም። በክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁላችንም፣ ዳኛዋም ጭምር ይመስለኛል፣ የምንፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ማናችንም ልናደርገው አልቻልንም። ዳኛዋ «አዝናለሁ፤ ይገባኛል፤ ግን አልችልም» አለች። ማዘኗ ከፊቷ ይታይ ነበር። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር።

የሺ እጇን አወጣች፤ ልናገር ብላ። በራሷ ፈረንሳይኛ፣ ያለ አስተርጓሚ፣ «ማዳም፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አይዘኑ» አለቻት። ያን ያህል ዓመት ስናሾፍባት የኖርነው አንቱታ ያን ቀን ልክ ቦታው ላይ ዋለ። ዳኛዋ አቀርቅራ ጻፈች።

ከዚያ በኋላ የቤቱን ጨዋታ አላነሳችም። «ሰባት ዓመት ብሠራ ይሞላል» አለችኝ አንድ ቀን ደረጃ ላይ፤ በቃ። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ወጥታ ትሄዳለች፤ መስኮት ላይ ሆኜ ሳያት እንደ ድሮው አትሮጥም። ሆዷን ሲያማት «ሥራ ነው» ትላለች፤ ስትከሳ «ጾም ነው» ትላለች። ባለቤቴ በግድ ሐኪም ቤት ስትወስዳት ጊዜው አልፏል ተባለ። ሦስት ዓመት ነው የሠራችው ከሰባቱ።

የተኛችው አንሶላውን ስታጥብለት በኖረችው ሆስፒታል ነው። መጀመሪያ ቀን ልጠይቃት ስሄድ የአንሶላውን ጠርዝ በጣቷ ይዛ ታየዋለች። «ይህን ያጠፈ አዲስ ሰው ነው። ጫፉ አልተገናኘም» አለችኝ። «ለነርሷ ነግረሽ ልትከሺው ነው?» ብዬ ስቀልድ፣ «ተዉት፤ ይለምዳል» አለች።

ሁለተኛ ስሄድ አሮጌውን ወረቀት ከመሳቢያዬ አውጥቼ በኪሴ ይዤ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ምናልባት እንድትቆጣኝ ፈልጌ ይሆናል። አልጋዋ ላይ አስቀመጥኩትና «የሺ፣ ይቅር በይኝ። ይህንን ያኔ ባልወስድብሽ ኖሮ...» አልኩ። እኔ ሽማግሌው፣ ስንቱን ይቅር ተባባሉ ያልኩት ሰውዬ፣ የራሴ ሲሆን አፌ ተሳሰረ።

ወረቀቱን አነሳች። ከላስቲኩ አወጣችው። ጫፉን ከጫፍ ገጥማ፣ በመዳፏ ዳበስ አድርጋ፣ አራት አድርጋ አጠፈችው። ጉልበት ስላልነበራት ጊዜ ወሰደባት።

«ጋሽ ተክሌ፣ እርስዎ መቼ ነጠቁኝ? እኔ ነኝ የሰጠሁዎት» አለች። «ማስገባት ብፈልግ ቴምብር ለጥፌ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እጥለው ነበር፤ ከበሬ ሥር አይደል ያለው? እርስዎ ጋ የመጣሁት ቆዪ የሚለኝ ሰው ፈልጌ ነው።» ትንሽ አረፈችና «እርስዎም ቆዪ አሉኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ያደርኩት» አለች።

ይህን የነገረችኝ እኔን ለማጽናናት ነው። አላጽናናኝም። ሰው «ያዙኝ» ብሎ ሲመጣ መያዝ የማንም ሥራ ነው፤ ለዚያማ ሽማግሌ አያስፈልግም። ባሏን ትወደው ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ትወደው እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ እኛ የምንነጋገረው ስለ ትዳር ነበር። ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝ። «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለች እንደ ድሮው።

ለቅሶው ላይ ደምሴ ከዲቲኮን መጥቶ ባል በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ። ማንም ተነስ አላለውም። ከልቡ ነው ያለቀሰው፤ አይቼዋለሁ። ሰዉ ቀለል ሲል ወደ ጥግ ወሰደኝና «ጋሽ ተክሌ፣ ገንዘቡ እንደተዘጋ ነው። አንድ ሳንቲም አልነካሁም፤ ልንካ ብልም አልችልም። አሁን ለማን ነው የምሰጠው?» አለኝ። ትከሻውን ያዝኩት፣ ከንፈሬን መጠጥኩ። እኛ የምንችለው ይህንን ነው።

አስከሬኗ አገር ቤት ይግባ ተባለ። ከጄኔቭም ከዙሪክም ተዋጣ። በአራት ቀን ሞላ፤ እንዲያውም ተረፈ። እሷ ያን ሁሉ ዓመት ያልሞላላትን መንገድ እኛ ለሬሳዋ በአራት ቀን ሞላንላት፤ አቶ ሙላቱም «አያችሁ ኅብረታችንን!» አሉ። ሐይቅ ተቀበረች፤ መሠረቱ ከወጣው ቤት ብዙም አይርቅም አሉ።

ከቀብሩ በኋላ በሳምንቱ እህቷ ዘነበች ደወለችልኝ። አይቻት አላውቅም፤ ድምፅዋ ግን ቁርጥ የሺን ነው። ስላደረግነው ሁሉ አመሰገነችኝ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ማን ነበራት አለችኝ። ምስጋናው ሲበዛብኝ ስልኩን ልዘጋ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለች። «ዘንድሮ መጣሁ፣ ለከርሞ መጣሁ ስትለኝ ነው የኖረችው። አልጋዋን ሳይቀር አንጥፌ ጠብቄያት ነበር። ምን ይዟት ነው እህቴ የቀረችብኝ? ሥራው ነው? ሕመሙ ነው?»

አቶ ሙላቱ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቀው «ሥራ አልለቅ ብሏት ነው በላት፤ ለሐዘንተኛ ሌላ አይነገርም» ብለውኝ ነበር። እንደዚያው ልል አፌን ከፈትኩ።

«እኛ ነን» አልኳት። «እስከ ፋሲካ ቆዪ ብለናት ነበር።»